ደጅ ጥናት በራውማ

ኅዳር ነበር በራውማ፤ አስር ሰዓት ሳይሞላ
ባሕሩ ጠቆረ፣ ቀን አለ ወደ ኋላ።
አንተም ካፖርትህን ደርበህ ተነሣህ፣
"ወተት ልግዛ" አልከኝ፣ ዓይኔን እየሸሸህ።
ወተት ነበር፣ ቬይኮ፤ ሦስት ካርቶን ሙሉ፣
አንዱም አልተነካ፣ እንደታሸጉ አሉ።

ያ እጅህ፣ አርባ ዓመት ሞተር ያከመ፣
ብሎን በጨለማ በዳሰሳ የፈታ፣
በአንድ ክረምት ብቻ ምን ያህል ደከመ!
ማንኪያው ጠረጴዛ እንደ በር ሲመታ
"ማነው?" እል ነበር ያኔ፣ አንተን ለማሳቅ፤
"እርጅና ነው፣ ክፈቺ!" ትላለህ፣ ቤቱ ሲደምቅ።

ዶክተር ሲርኩ እርሳስ አነሣችና
ሁለት ሕዋስ ሣለች፣ መሐላቸው ስንጥቅ፤
"ዶፓሚን ይሉታል ይህን መልእክተኛ፣
ከዚህኛው ወጥቶ ወደዚያ የሚዘልቅ።
ማዶ ቆመው አሉ ተቀባይ በረኞች፤
አንዱ 'ሂድ!' ይላል፣ ሌላው 'ቆይ' ይለዋል፤
ከላኪውም ደጃፍ ሌላ ዘብ ተቀምጦ
መልእክት ሲበዛ 'በቃ፣ ዝጋ' ይላል።
ጌታው ዶፓሚን አይደለም፣ ደጅ ጠኚ ነው እንጂ፤
ፈራጁ በረኛው ነው።"
እኔ የማየው የእርሳሷን ጫፍ ነበር፤
ተነክሷል፣ እንደ ተማሪ ልጅ።

ያንተ መልእክተኞች አልቀዋል፣ ብዙዎቹ።
ኪኒኗ መጣች፤ ነጭ፣ ከምስር ያነሰች፤
የሞተውን መስላ ደጅ ጠናች፣ አንኳኳች፣
በረኛው አላወቀም። ገባች።
እጅህም ረጋ። በሰኔ፣ ፀሐይ አልተኛም ባለች ሌሊት፣
ወደቡ ዳር ታንጎ ደነስን፤ ጎረቤት አየን በቅናት።

ግን ኪኒን ቤት አይለይም።
የእጅን በር ስታንኳኳ፣
ከጓሮ ያለው የምኞት ሠፈር ሰምቶ ኖሯል ለካ፤
የዚያ በረኛ ይበልጥ ወደዳት፣
በሩን ወለል አድርጎ ተወላት።

ሱቁ መውጫ ላይ፣ ባዶ ጠርሙስ ከሚመለስበት ጎን፣
ቼሪና ሎሚ የሚያሽከረክር የቁማር ማሽን አለ።
ሃያ ዓመት ቀና ብለን ሳናየው አልፈነዋል።
አሁን ቆምክበት። ሁለት ቼሪ፤ ሦስተኛው
ሊደርስ፣ ሊደርስ፣ ሊደርስ... ዘለለ።
ያሰረህ ማሸነፍ አልነበረም፤ ያ "ሊደርስ" ነው።
ላም አለኝ በሰማይ፤
ወተቷን ልትገዛ ትወጣለህ በየማታው።

የማገዶው ገንዘብ ሄደ። የጣሪያው ሄደ።
የባንክ ደብዳቤ ከካልሲህ መሳቢያ አገኘሁ፤
አራት ነበሩ፣ አልተከፈቱም።
አልጮኽኩም። ቁጭ ብዬ ካልሲህን አጣጠፍኩ።

"በረኛ ቀን ከሌት ሲያንኳኩበት ይታክተዋል፣"
አለች ሲርኩ፣ "ደጁን ነቅሎ ወደ ሕዋሱ ጓዳ ይገባል።
ያኔ ትንሽ ደስታ መጥታ ብታንኳኳ ሰሚ የላትም።"
ገባኝ። የታይና ልጅ የመጀመሪያ ጥርሷን በስልክ ስታሳይህ
"ጥሩ" ብለህ ነበር፣ ዓይንህ ሰዓትህ ላይ።
ያጨስኩት ዓሣ፣ አዲሱ በረዶ፣ ቀልዴም፣
ሁላችን ደጅ ስንጠና ከረምን፤ የከፈተልን የለም።

ኪኒኗ ተቀነሰች። እጅህ ወደ መንቀጥቀጡ ተመለሰ።
"ከእጄና ከእኔ ማንን መረጥሽ?" አልከኝ አንድ ሌሊት።
መልስ አልነበረኝም፤
ብርድ ልብሱን ወዳንተ ገፋሁት።

ዛሬ ጥር ነው። የአተር ሾርባ።
ማንኪያህ ጠረጴዛውን መታ፣ ደገመ፣ ደጋገመ።
"ማነው?" አልኩ፣ ሳላስበው።
ጸጥ አልክ። ውጭ በረዶ ጠራጊው መኪና አለፈ።
ከዚያ፣ ከሩቅ ጓዳ ተጠርቶ እንደሚመጣ ሰው፣
ቁልፍ እየፈለገ፣ ቀስ እያለ፣
ከንፈርህ ጥግ ላይ አንድ ነገር ተከፈተ።